ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ ለማደር ስትወጡ፡ ስለ እሳት አነዳደድና አጠፋፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጦሳ፣ ማይባር፣ ሐይቅ ዳር ምናምን ለማደር የሚወጡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁትን ነገር ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ ጽፌዋለሁ።

እሳት ማንደድ የሚቻለው የት ነው? ደስ ያለን ቦታ ላይ ማንደድ እንችላለን?

አይ፣ እንደሱ አይቻልም። ደሴ ዙሪያ ባዶ የሚመስለው መሬት ሁሉ ባለቤት አለው፣ ወይ የገበሬ ማሳ ነው ወይ የወል ግጦሽ ነው ወይ ከከብት ተከልሎ እንዲያገግም የተተወ ተራራ ነው ወይ ደሞ ጥብቅ ደን ነው። የጎፍን የመሰለ ጥብቅ ደን ውስጥ እሳት አይነደድም፣ ትንሽም ብትሆን፣ ለቡና ማፍያም ብትሆን። የቤተክርስቲያን ግቢና መስጊድ አጠገብ ያለ ዛፍ ስርም እንደዛው ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዙሪያ ያለው ዛፍ ስንት ዘመን ተጠብቆ ነው እዚህ የደረሰው፣ እዛ ጭራሮ መልቀም ራሱ ነውር ነው።

ሌላ ቦታ ከሆነ መጀመሪያ ሰው ፈልጉ። ቅርብ ያለው ቤት ሄዳችሁ «አባባ እንደምን ዋሉ፣ ዛሬ እዚህች ጥግ ልናድር ነበር፣ ትንሽ እሳት ብናነድ ይፈቅዱልናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እምቢ አይሉም፣ እንደውም ነፋሱ ማታ ከየት እንደሚመጣና የቱ ጋ ሳሩ ክው ብሎ እንደደረቀ ከናንተ በላይ ስለሚያውቁ እነሱ የሚያሳዩዋችሁ ቦታ እናንተ ከመረጣችሁት ይሻላል። አይሆንም ካሉ ግን አይሆንም ነው፣ አመስግናችሁ ሂዱ።

በተለይ ህዳርና ታህሳስ ላይ ዙሪያችሁን በደንብ እዩ። እህል ታጭዶ የተከመረበት ጊዜ ነው፣ አውድማ አለ፣ የጭድ ክምር አለ። አንድ ፍንጣሪ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ጨርሳ ልትሄድ ትችላለች፣ ስለዚህ ክምር የሚታይበት አካባቢ ላይ ጭራሽ አታንድዱ።

የትኞቹ ወራት ናቸው አደገኛ?

ክረምቱ ወጥቶ ሳሩ ከደረቀበት ከህዳር ጀምሮ በልጉ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ዋናው ነው፣ በልግ ከቀረ ወይም ከዘገየ ደሞ ይራዘማል። ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያም መታሰብ አለበት፣ በተለይ ወደ ኮምቦልቻ በኩል። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደሴ ደሞ 2500 ገደማ፣ በመኪና ሐረጎን ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው ግን አየሩ ሌላ ነው፣ ደሴ ላይ ሳሩ ገና እርጥበት እያለው ቆላው ላይ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ከደሴ ስትነሱ ያያችሁትን አይታችሁ አትወስኑ፣ የምታድሩበትን መሬት ሳር በእጃችሁ ጨብጣችሁ እዩት፣ ከተንኮሻኮሸና ከተሰባበረ ለእሳት ዝግጁ ነው።

ቦታውን እንዴት ነው የምናዘጋጀው?

ሜዳ የሆነ፣ ሳር የሌለበት፣ ከላዩ ቅርንጫፍ ያልተንጠለጠለበት ቦታ ምረጡ። ከእሳቱ ዙሪያ በሁሉም አቅጣጫ 3 ሜትር ያህል ደረቅ ሳሩን፣ ቅጠሉን፣ ኩበቱን፣ ጭራሮውን ጠርጋችሁ ባዶ አፈር እስኪታይ ድረስ አጽዱ። ድንኳን ካለ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ፣ ነፋሱ ወደ ድንኳኑ የሚነፍስ ከሆነ ከዛም በላይ። መሃሉን በዶማ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩት፣ ያወጣችሁትን አፈር ወዲያ አትበትኑት፣ ጥግ ላይ ከምሩት በኋላ ይፈለጋል።

ስትቆፍሩ የዛፍ ስር ካገኛችሁ ወይም አፈሩ ጥቁር ሆኖ ስፖንጅ የሚመስልና የበሰበሰ ሳር የሞላበት ከሆነ ቦታ ቀይሩ፣ ለምን እንደሆነ ታች እመጣበታለሁ። የተቆረጠ ባህር ዛፍ ጉቶ አጠገብም አታንድዱ፣ ደሴ ዙሪያ ያለው ተዳፋት ደሞ በጉቶ የተሞላ ነው።

ዙሪያውን ድንጋይ መደርደር ጥሩ ነው፣ ጉልቻም ለድስት ያስፈልጋል። ግን ከቦርከና ወንዝ ውስጥ ወይም ከሐይቁ ዳር የለቀማችሁትን ድንጋይ እንዳትጠቀሙ። ውሃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ በስንጥቁ ውሃ ይዟል፣ ሲግል ውሃው እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ያፈነዳዋል፣ ስብርባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ከፍ ካለ ደረቅ ቦታ ላይ ፀሐይ የመታውን ድንጋይ ውሰዱ።

ትልቅ እሳት አይሻልም? ደሴ እኮ ብርድ ነው።

ብርድ ነው፣ እውነት ነው፣ ታህሳስና ጥር ላይ ውርጭ ሁሉ አለ። ግን ትልቅ እሳት አያሞቅም፣ ሰውን ያርቃል። ደመራ አጠገብ ቆማችሁ ታውቁ የለ፣ ፊታችሁ ይለበለባል ወደ ኋላ ትሸሻላችሁ ጀርባችሁ ግን እንደበረደው ነው። ክንድ በማይሞላ ስፋት የነደደች እሳት ዙሪያ ተጠጋግቶ መቀመጥ በጣም ይበልጣል፣ ማገዶም አይጨርስም፣ ፍንጣሪም ሩቅ አይሄድም፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ስታጠፏት ትጠፋለች። ትልቅ እሳት ለማጥፋት የሚያስፈልገውን ውሃ ተሸክሞ ጦሳ ላይ የሚወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ምን ምን ይዘን እንሂድ?

ክብሪት በፌስታል ተጠቅልሎ (ላይተርም ጨምሩ፣ ብርድ ላይ ላይተር አንዳንዴ እምቢ ይላል)፣ ትንሽ ዶማ ወይም አካፋ፣ ውሃ፣ እና ከከተማ የገዛችሁት ደረቅ ፍልጥ። ውሃው የመጠጡን ሳይጨምር ለእሳቱ ብቻ የሚሆን 20 ሊትር ጀሪካን ነው፣ ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ተራ በተራ ተሸከሙት። መኪና እስከሚደርስበት ወይም ውሃ አጠገብ የምታድሩ ከሆነ ቀላል ነው። ይህን ውሃ ማድረስ የማትችሉበት ቦታ ከሆነ እሳት የማይነደድበት ቦታ ነው ብላችሁ ያዙት፣ ምግባችሁን አብስላችሁ ቡናውን በፔርሙዝ ይዛችሁ ውጡ።

የትኛው እንጨት ነው ጥሩ?

ከምርጫ ከሆነ ወይራና ግራር ናቸው፣ ጠንካራ ስለሆኑ ቀስ ብለው ነደው ፍማቸው ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ የወይራ ጭስ ደሞ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ስለሆነ ሽታውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክትክታም ቀጭን ቢሆንም ሞቅ ያለ እሳት ይወጣዋል። ግን የቆመ ወይራና የሐበሻ ጥድ እንዳትነኩ፣ ቅርንጫፍም እንዳትሰብሩ። እነዚህ ዛፎች አካባቢያችን ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው፣ ለማደግም ብዙ ዓመት ይፈጃሉ፣ ለአንድ ማታ ጨዋታ ተብሎ አይቆረጡም።

እዚህ በብዛት የሚገኘው ባህር ዛፍ ነው። ፍልጡ በደንብ ከደረቀ ጥሩ ማገዶ ነው፣ ቅጠሉና የሚላጠው ቅርፊቱ ግን ዘይት ስላለው ሲያያዝ ቦግ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ነበልባሉ ድንገት ቁመቱ ይጨምራል፣ የተቀጣጠለው ቅጠልም በነፋስ ይበራል። ለማቀጣጠያ አንድ ጭብጥ ብቻ ተጠቀሙ፣ እሳቱ ከተያዘ በኋላ ቅጠል አትጨምሩበት። ጥድም ሲነድ እየተንጣጣ ፍንጣሪ ይረጫል፣ ጋቢና የእንቅልፍ ከረጢት አጠገብ አይሆንም።

ነጭ ወተት የሚያወጣውን ቁልቋልና ቅንጭብ ደርቆ ብታገኙትም አትማግዱት፣ ጭሱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። አስተናግርም እንደዛው መርዝ ነው። ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ እሳት ውስጥ መጣል ደሞ በቃ ይቅር፣ ጭሱን የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ በቆሎ የምትጠብሱትም እዛው ላይ ነው።

እሺ እንዴት ነው የሚያያዘው? እኛ ስንሞክር ክብሪት ጨርሰን ጭስ ብቻ ነው።

አብሽሩ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ መቸኮል ነው፣ ከክብሪት ቀጥታ ወደ ወፍራም ፍልጥ መሄድ። ሦስት ነገር ለየብቻ ከምሩ፣ አንደኛ በጣት የሚፈረፈር ደረቅ ነገር ማለትም ደረቅ ሳር፣ የባህር ዛፍ ቅርፊት ተፍተልትሎ፣ ወረቀት። ሁለተኛ ጭራሮ፣ ከክብሪት እንጨት እስከ አውራ ጣት ውፍረት። ሦስተኛ ፍልጡ። እሳቱን ከመለኮሳችሁ በፊት ሁሉም ተዘጋጅቶ አጠገባችሁ ይሁን፣ እሳቱ ከተያዘ በኋላ ጭራሮ ፍለጋ ጨለማ ውስጥ መሮጥ የለም።

ማቀጣጠያውን መሃል ላይ ልል አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ቀጫጭኑን ጭራሮ እንደ ጎጆ አቁሙበት፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ክፍት ተዉለት። በዛች ክፍት በኩል ለኩሱና ጭራሮው ራሱን ችሎ ሲነድ ነው ወፍራም የሚጨመረው፣ አንድ አንድ እያላችሁ። ጠቅጥቃችሁ ካስቀመጣችሁት አየር አጥቶ ይጨሳል። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ እሳት ለመያዝ ትንሽ ይለግማል፣ ስለዚህ በእንጨቶቹ መሃል የበለጠ ክፍተት ይኑር፣ እፍ ስትሉም ከላይ ሳይሆን ከስር ከፍሙ በኩል ዝቅ ብላችሁ ረዘም ባለ ትንፋሽ ይሁን።

ዝናብ ነበር፣ እንጨቱ ሁሉ እርጥብ ነው፣ ምን እናድርግ?

ላዩ የረጠበ ፍልጥ ውስጡ ደረቅ ሊሆን ይችላል፣ ሰንጥቁትና የውስጡን ተጠቀሙ፣ እርጥቡን ፍልጥ ከእሳቱ ዳር ደርድሩት እየሞቀ ይደርቃል። መሬት ላይ ከተኛው ይልቅ ዛፍ ላይ ሳይወድቅ ተንጠልጥሎ የደረቀ ጭራሮ ቶሎ ይያዛል። ለምለም የተቆረጠ እንጨት ግን ሌላ ነው፣ ውሃው ያለው ውስጡ ስለሆነ ስትሰነጥቁትም አይረዳም፣ ጭሱ ያስለቅሳችኋል እንጂ አይነድም። በሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ከቤት ደረቅ ጭራሮ በፌስታል ቋጥሮ ከመሄድ የተሻለ መላ የለም።

ትንሽ ላምባ ወይም ቤንዚን ብናርከፈክፍበትስ?

ቤንዚን በፍጹም፣ አንድ ጠብታም። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው፣ ትነቱ ደሞ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሰራጭና ክብሪቱን የጫረው ሰው እግር ስር ደርሶ ይጠብቃል፣ ከዛ ሁሉም ባንዴ ቦግ ይላል። የሚነድ እሳት ላይ ማርከፍከፍ ደሞ ነበልባሉ በተንቆረቆረው በኩል ወደ ያዛችሁት ጠርሙስ ተመልሶ ይመጣል። ላምባ ከቤንዚን ቀስ ይላል ግን እየነደደ ያለ ወይም ፍም ያለው እሳት ላይ እሱንም ማፍሰስ ያው አደጋ ነው። ጠፋ ብላችሁ ያሰባችሁት እሳት ውስጥ ፍም አለ፣ ፍም ላይ ላምባ ሲፈስ መጀመሪያ ነጭ ጭስ ይሆናል ቀጥሎ ይፈነዳል። ማቀጣጠያ ካጠራችሁ የሻማ ቁራጭ ከጭራሮው ስር ማስቀመጥ በቂ ነው፣ እሷ ቀስ ብላ ታያይዘዋለች።

ነፋስ ድንገት ከተነሳስ?

ተራራ ላይ የነፋሱ አቅጣጫ በቀንና በማታ ይገለበጣል፣ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ቀን ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደሞ የቀዘቀዘው አየር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ጭሱን አይታችሁ በዚህ በኩል ነው ብላችሁ ድንኳን የተከላችሁበት ቦታ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የፍንጣሪ መንገድ ሊሆን ይችላል። ድንኳኑን ከእሳቱ ከላይም ከታችም ሳይሆን በጎን በኩል ትከሉት። አዝዋ ገደል አፋፍ ላይማ ከታች የሚመጣው ነፋስ ኃይለኛ ነው፣ እዛ እይታው ብቻ ይበቃል።

ፍንጣሪው ከጠረጋችሁት ክብ አልፎ መውደቅ ከጀመረ አትወያዩ፣ ማገዶ መጨመር አቁሙና ወዲያው አጥፉት። ነገሩ ጨዋታ ስለሚሰብር ሰው ይከፋዋል፣ ግን አንድ ሰው በዛ ሰዓት ቆራጥ መሆን አለበት፣ ገና ሳይመሽ ያ ሰው ማን እንደሆነ ተነጋግራችሁ ጨርሱ። እሱ አጥፉ ካለ ይጠፋል፣ ክርክር የለም።

ከሰል ወይም ፍም ድንኳን ውስጥ ብናስገባ? ብርዱ እኮ አያስተኛም።

አይሆንም፣ ሰው ይሞታል። የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ሽታ የለውም ቀለም የለውም ዓይን አያቃጥልም፣ ከተኛችሁ ደሞ አያነቃችሁም። ድንኳን ትንሽ ቦታ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፣ ዚፑን ገርበብ አድርጌ ብከፍተውስ የሚል አለ፣ እሱም አያድንም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፣ የተኛውንም ጎትታችሁ አውጡ። ለብርዱ ውሃ አፍልታችሁ ክዳኑ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ተኙ፣ ከስራችሁም ወፍራም ነገር አንጥፉ ምክንያቱም ሙቀታችሁን የሚወስደው ከላይ ካለው አየር ይልቅ መሬቱ ነው።

በትክክል የጠፋ እሳት የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ደረጃ በደረጃ ንገሩን።

አመዱ ውስጥ እጃችሁን ከታችሁ ምንም ሙቀት ሳይሰማችሁ ሲቀር ነው፣ ሌላ መለኪያ የለም። ነበልባል አለመታየቱም ጭስ አለመኖሩም ምንም አያረጋግጥም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከመተኛታችሁ ወይም ከመሄዳችሁ አንድ ሰዓት በፊት ማገዶ መጨመር አቁሙ፣ ያለው ነዶ አመድ ይሁን። ያልነደደ ወፍራም ግንድ ካለ አውጥታችሁ ለብቻው ውሃ አርከፍክፉበት። ከዛ ፍሙን በእንጨት ወይም በአካፋ በጉድጓዱ ውስጥ በትኑት፣ ተከምሮ ከሆነ እርስ በርሱ ይሞቃቃል። ውሃውን ከዳር ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ ባንዴ ከደፋችሁት የፈላ እንፋሎትና አመድ ፊታችሁ ላይ ይነሳል፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ በሚመጣበት በኩል ቁሙ። የሃይላንድ ክዳን በስታችሁ እንደ ሻወር ብትረጩት ውሃ ይቆጥባል።

አሁን ዋናው፣ አማስሉት። ውሃና አመዱ ጭቃ እስኪሆን ድረስ ከስር ከስር እየገለበጣችሁ አማስሉ፣ ቺስ የሚል ድምፅ እስካለ ድረስ ፍም አለ ማለት ነው፣ ውሃ ጨምሩ ደግማችሁ አማስሉ። ዙሪያውን የደረደራችሁትን ድንጋይ አንስታችሁ ስሩን እዩ፣ ፍም እዛ ስር መደበቅ ይወዳል። በመጨረሻ መጀመሪያ መዳፋችሁን ገልብጣችሁ በእጃችሁ ጀርባ ወደ አመዱ ጠጋ አድርጉ፣ ሙቀት ከሌለ ንኩት፣ ከዛ ጣታችሁን አስገቡ። ለብ ካለ አልጠፋም፣ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

አፈር ብናለብሰውስ? ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው።

ይህችን ጥያቄ ነው በጣም የምፈልጋት፣ ምክንያቱም መልሱን ሁላችንም ከቤት እናውቀዋለን ግን ሜዳ ላይ ስንወጣ እንረሳዋለን። እናቶቻችን ማታ ምን ነበር የሚያደርጉት? ፍሙን ሰብስበው በአመድ ያዳፍኑታል። ለምን? እንዲጠፋ አይደለም፣ እስከ ጠዋት እንዲቆይ ነው። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው ጭራሮ ጣል አድርገው እፍ ሲሉ ይነሳል። ከሰል አክሳዩስ ምንድነው የሚያደርገው፣ እንጨቱን ከምሮ በቅጠልና በአፈር ሸፍኖ ለቀናት ውስጥ ለውስጥ ያነደዋል። እንግዲህ የካምፑን እሳት አፈር አልብሳችሁ ስትሄዱ ያደረጋችሁት ያንኑ ነው፣ እሳቱን አዳፍናችሁ ለነገ አቆያችሁት።

አፈሩ የሚሄደውን ሙቀት ያግደዋል፣ በስንጥቁ ትንሽ አየር ይገባለታል፣ እሳቱ ሳይነድ ሳይጠፋ ይቆያል። እናንተ ከተማ ገብታችሁ ተኝታችሁ ነገ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ወይም ከብት ሲረግጠው ይገለጣል። ወይም ባዶ እግሩን የሚሄድ የእረኛ ልጅ ቀዝቃዛ አፈር መስሎት ይረግጠዋል፣ ይሄ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፣ ከላይ ሲታይ እኮ ምንም ምልክት የለውም።

ውሃ ካለቀብንስ? ከአፈር ሌላ ምንም የለንም።

ያኔ አፈር ይጠቅማል ግን በማልበስ ሳይሆን በመቀላቀል። ፍሙን በትኑት፣ ትልልቁን ሰባብሩት፣ መጀመሪያ ጥግ ላይ ከምራችሁት የነበረውን ቀዝቃዛ አፈር ጨምሩና አማስሉ፣ እንደገና ጨምሩ እንደገና አማስሉ፣ እያንዳንዱ ፍም ከቀዝቃዛ አፈር ጋር እስኪነካካ ድረስ። አፈሩ ሳር፣ ስር፣ ፍግ የሌለበት ይሁን አለበለዚያ ማገዶ እየጨመራችሁ ነው። ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፣ መጨረሻው ግን ያው ነው፣ በእጅ ተነክቶ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ካልቀዘቀዘ ሁለት ሰው እዛው ይቆይ፣ ሌሎቹ ውሃ ያምጡ።

አጥፍተን ከሄድን ከሁለት ቀን በኋላ ተነሳ አሉን፣ እንዴት ይሆናል?

ከላይ ያለው ጠፍቶ ከስር የገባ ይሆናላ። ደረቅ የዛፍ ስር ወይም አሮጌ ጉቶ ከተያዘ እሳቱ ያለ ነበልባል በስሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ከጉድጓዳችሁ ራቅ ብሎ ሳር ያለበት ቦታ ላይ ብቅ ይላል። ቀናት ብቻ ሳይሆን ሳምንታትም ሊቆይ ይችላል። እንደ ጉጉፍቱ ያለ ደጋ ላይም አፈሩ በበሰበሰ ሳር የተሞላባቸው ቦታዎች አሉ፣ እሱ ሲደርቅ አፈሩ ራሱ ይነዳል። ስትቆፍሩ ስር ካያችሁ ቦታ ቀይሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥርጣሬ ካላችሁ የእሳቱን ጉድጓድ ዙሪያ አንድ ክንድ ራቅ እያላችሁ መሬቱን በእጃችሁ ዳብሱት፣ የሞቀ ቦታ ካለ እዛ ቆፍሩና ውሃ አፍስሱ፣ የሚጨሰውን ስር እስከ ጫፉ ተከትላችሁ አውጡት።

እሳቱ አምልጦን ሳሩን ከያዘ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ጩኹ። አፍራችሁ ዝም ብላችሁ ለማጥፋት አትሞክሩ፣ ገጠር ላይ ኡኡታ ሲሰማ ሰው ነቅሎ ነው የሚወጣው፣ አምስት ደቂቃ ቀድመው ቢደርሱ ብዙ ነገር ይድናል። የቀበሌውን ወይም የአካባቢውን ፖሊስ ስልክ ከመሄዳችሁ በፊት መዝግባችሁ ከሆነ አንድ ሰው ይደውል።

ነበልባሉ ከጉልበት በታች ከሆነ ለምለም ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ወይም የረጠበ የቃጫ ጆንያ ይዛችሁ ከጎን በኩል፣ ነዶ ባለቀው ጥቁር መሬት ላይ ቆማችሁ እየመታችሁ ሂዱ። የማዳበሪያ ጆንያ ፕላስቲክ ስለሆነ ይቀልጣል እሱን ተዉት። ስትመቱ ወደ ላይ አታንሱት፣ ጫን አድርጋችሁ ያዙት አለበለዚያ ፍንጣሪውን እናንተው ትበትኑታላችሁ። ከእሳቱ በላይ በኩል ተዳፋቱ ላይ በፍጹም አትቁሙ። እሳት ሽቅብ ሲሄድ የፊቱን ሳር ቀድሞ ስለሚያደርቀው በጣም ይፈጥናል፣ ተዳፋቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል፣ ሽቅብ ሮጣችሁ አታመልጡትም። ከወገብ በላይ ከሆነ ወይም ባህር ዛፍ ውስጥ ከገባ ግን ተዉት፣ ዕቃ አትሰብስቡ፣ ወደ ጎን ወይም ነዶ ወዳለቀው ወይም ወደታረሰ መሬት ውጡ።

ሰው ከተቃጠለ? ጥርስ ሳሙና ይቀባ የሚሉ አሉ።

ልብሱ ከተያያዘ እንዳይሮጥ፣ መሬት ላይ አስተኝታችሁ አንከባሉት። የተቃጠለውን ቦታ በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት፣ ረጅም ነው ግን አታቋርጡ። ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ በፊት አውልቁ። ጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል ምንም እንዳይቀባ፣ ሙቀቱን ውስጥ ያፍኑታል ቁስሉንም ያመረቅዙታል፣ ሐኪም ጋ ሲደረስም እሱን መፋቅ ሌላ ስቃይ ነው። የቋጠረውን ውሃ አታፍርጡ፣ በንጹህ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ከሆነ፣ ከመዳፍ ከሰፋ፣ ወይም የተቃጠለው ልጅ ከሆነ ነገ እናየዋለን የለም፣ በዛው ሌሊት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሌሎች ትተውት የሄዱት የሚጨስ እሳት ብናገኝ የኛ ጉዳይ ነው?

አዎ ነው። ያገኘው ሰው ያጥፋው፣ ውሃ ካላችሁ ከላይ ባልኩት መንገድ፣ ከሌላችሁ አፈር እየቀላቀላችሁ። አፈር ለብሶ ተዳፍኖ ካገኛችሁት በባዶ እጅ ወይም በሰንደል ጫማ አትንኩት፣ በረጅም እንጨት ገልጡት። ማጥፋት ካቃታችሁ ደሞ ቅርብ ላለው ቤት ንገሩ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ይዛችኋቸው ሄዳችሁ አሳዩአቸው፣ እዛ ጋ ነው ብሎ በጣት ጠቁሞ መሄድ አይበቃም። የቀዘቀዘውን አመድ ሐይቅ ወይም ምንጭ አጠገብ ከሆነ ከውሃው አርቃችሁ በትኑት፣ ድንጋዮቹንም ወደየቦታቸው መልሱ፣ ጥቁር ክብ ያየ ቀጣዩ ሰው እዚህ ይነደዳል ማለት ነው ብሎ እዛው ላይ ያነዳልና።